ቁጥሩ ከአምስት እጥፍ በላይ ጨመረ፤ ቫልቩ ባሰበት ማለት ነው?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው የዘጌ ሰው ናቸው። የ22 ዓመት ታናሽ እህታቸው የሩማቲክ የልብ ሕመም አለባት፤ ይህም የጉሮሮ ባክቴሪያ ተከትሎ የሚመጣ የሩማቲክ ትኩሳት በልብ ቫልቭ ላይ ጠባሳ ሲተው የሚፈጠር ነው። አምና ባሕር ዳር በተነሣችው ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) የማይትራል ቫልቯ፣ ማለትም ከግራ ላይኛው ወደ ግራ ታችኛው የልብ ክፍል ደም የሚያሳልፈው በር፣ መጥበቡ፣ ስፋቱም 1.6 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር መሆኑ ተጽፎ ደረጃው «መካከለኛ» ተብሏል። ያን ጊዜ የተሠራላት የልብ የደም ምርመራ 118 ነበር። ዘንድሮ ኅዳር ላይ፣ ወባ ታክማ በሳምንቷ፣ በሌላ ላብራቶሪ ሲደገም 655 ሆነ። ሲአርፒ (የብግነት ምርመራ) 38፣ ኤኤስኦ (የጉሮሮ ባክቴሪያ ምርመራ) 400፣ ሄሞግሎቢን 9.6 ይላል። የሩማቲክ ትኩሳቱ እንዳይመለስ የሚሰጠውን የወር መርፌዋን (ፔኒሲሊን) ትወስዳለች፤ አንዳንዴ ግን ያልፋታል። የሚቀጥለው ኢኮ ቀጠሮዋ ገና አምስት ወር ይቀረዋል። «ቫልቩ በዚህ ልክ ባሰበት ማለት ነው? ከእንግዲህ ኢኮውን ትተን በደም ብቻ ብንከታተልስ? የቫልቩን አካሄድ አስቀድሞ የሚናገር አዲስ የደም ምርመራ መጥቷል የሚባለውስ እውነት ነው?» ይላሉ።

መልሱ ከሁለቱ ወረቀቶች ይጀምራል። የላኳቸውን ፎቶዎች ጠጋ ብለው ይዩ፤ የአምናው ላይ የተጻፈው «ቢኤንፒ» ነው፣ የዘንድሮው ላይ ደግሞ «ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ»። መለኪያው በሁለቱም ላይ ፒኮግራም በሚሊ ሊትር ስለሆነ አንድ ምርመራ ይመስላሉ፤ አይደሉም። የልብ ጡንቻ ሲወጠር ፕሮቢኤንፒ የሚባል 108 አሚኖ አሲድ ያለው ፕሮቲን ያመነጫል። ይህ ፕሮቲን ለሁለት ይቆረጣል። ባለ 32ቱ ቁራጭ ቢኤንፒ ነው፤ ሥራ ያለው ሆርሞን ሲሆን ውኃና ጨው በሽንት እንዲወጣ፣ የደም ሥር እንዲላላ ያደርጋል፤ በ20 ደቂቃ ገደማም ግማሹ ከደም ይጠፋል። ባለ 76ቱ ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ ነው፤ ሥራ የለውም፣ በዋናነት በኩላሊት ነው የሚወገደው፣ ግማሹ ለመጥፋት ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይወስዳል። በደም ውስጥ ስለሚቆይ ቁጥሩ በተፈጥሮው ትልቅ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከቢኤንፒው ከአራት እስከ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ 118ን ከ655 ጋር ማወዳደር አምና በቁና የተሰፈረን ጤፍ ዘንድሮ በኪሎ መዝኖ «ምርቱ ጨመረ» እንደ ማለት ነው። የእህትዎ የአምናው ቢኤንፒ በኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ ተለክቶ ቢሆን ኖሮ ያኔም ወደ ስድስት መቶ ሊጠጋ ይችል ነበር። አንዱን ወደ ሌላው በትክክል የሚቀይር ቋሚ ማባዣ ግን የለም። ለማወዳደር የሚሆን ቁጥር በእጅዎ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ የዘንድሮው 655።

እርሱም ብቻውን ቀላል አይደለም። ድንገተኛ ባልሆነ ሁኔታ፣ ተመላላሽ ክፍል ለሚታይ ሰው፣ የልብ ድካም የለም ለማለት የሚያገለግለው መስመር ለኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ 125፣ ለቢኤንፒ 35 ነው። የ22 ዓመት ወጣት ጤነኛ ብትሆን ከ125 በታች ትጠበቃለች። 655 ልቧ ጫና እንዳለበት ይናገራል። ጫናው ከቫልቩ ይምጣ፣ ከወባው ይምጣ፣ ከደም ማነሱ ይምጣ ግን አይለይም። ግራ የሚያጋባውም እዚህ ላይ ነው።

ሁለቱም ምርመራዎች ቫልቩን አያዩም። የሚያዩት ቫልቩ በልብ ጡንቻ ላይ ያደረሰውን መወጠር ነው። ማይትራል ቫልቭ ሲጠብ ከሳንባ የመጣው ደም ግራ ላይኛው የልብ ክፍል ውስጥ ይታቆራል፤ ክፍሉ ይሰፋል፤ ግፊቱ ወደ ሳንባ ደም ሥሮች ይመለሳል፤ ቆይቶ ቀኝ ታችኛውን ክፍል ይጫነዋል። ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒው የሚጨምረው ከእነዚህ ክፍሎች ነው። ብዙውን ሊያመነጭ የሚችለው ባለ ወፍራም ጡንቻው ግራ ታችኛው ክፍል ግን በዚህ ሕመም ከጫናው በስተጀርባ ስለሆነ ብዙም አይወጠርም። በመሆኑም ማይትራል ጥበት ላይ ቁጥሩ እንደ ሌሎቹ የቫልቭ ሕመሞች ሽቅብ አይወጣም፤ ቫልቩ በጣም ጠቦ እንኳ ቁጥሩ መጠነኛ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ቫልቩ በደንብ ሳይገጥም ደም ወደ ኋላ ሲመልስ፣ ወይም ደም ከልብ ወደ ሰውነት የሚወጣበት የአኦርቲክ ቫልቭ ሲጠብ፣ ጫናው በቀጥታ ግራ ታችኛው ክፍል ላይ ስለሚያርፍ ምርመራው የበለጠ ይናገራል። በአውሮፓም በአሜሪካም መመሪያዎች የቢኤንፒ ቁጥር ለቀዶ ሕክምና ውሳኔ በግልጽ የገባው በአኦርቲክ ጥበት ነው። ጥበቱ ከባድ ሆኖ ምልክት የሌለው ሰው ቢኤንፒው ለዕድሜውና ለጾታው ከሚጠበቀው ሦስት እጥፍ ካለፈ፣ ቀዶ ሕክምናን ለማስቀደም አንዱ ምክንያት ይሆናል። ለሩማቲክ ማይትራል ጥበት እንዲህ ያለ መስመር የለም። ለአኦርቲክ የተባለውን ከኢንተርኔት አንብበው ለእህትዎ እንዳይጠቀሙበት ይህን ማወቁ ይጠቅማል።

ስለዚህ ለሁለተኛው ጥያቄ፦ ኢኮውን በደም ምርመራ መተካት አይቻልም። የደም ምርመራው የሚጠቅመው በሁለት ኢኮ መካከል ባለው ጊዜ ነው፤ ቀጠሮው እስኪደርስ መጠበቅ ይቻል ወይስ ይቅደም የሚለውን ለመወሰን።

አሁን ወደ 1.6ቱ እንምጣ፤ ከ655ቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ እርሱ ነው። ጤናማ ማይትራል ቫልቭ ሲከፈት ከ4 እስከ 6 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በድሮው አከፋፈል «ከባድ» የሚባለው ከ1 በታች ሲሆን ከ1 እስከ 1.5 ያለው «መካከለኛ» ይባል ነበር። አሁን 1.5ና ከዚያ በታች የሆነ ሁሉ ከባድ ነው፤ 1ና ከዚያ በታች ደግሞ በጣም ከባድ። እህትዎ ከመስመሩ የራቀችው በ0.1 ነው። ኢኮ ሲነሣ ሁለት ባለሙያዎች አንዱን ቫልቭ ለክተው በ0.1 ወይም በ0.2 ቢለያዩ የተለመደ ነው። እንዲህ ከሆነ «መካከለኛ» የሚለው ቃል እንዳያዘናጋችሁ፤ ከመስመሩ ላይ እንዳለች አድርጎ መከታተል ይሻላል። ማይትራል ቫልቭ በአማካይ በዓመት ወደ 0.1 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር እየጠበበ ይሄዳል ተብሎ ይታሰባል። አማካይ ግን አማካይ ነው። ለዓመታት ምንም የማይለወጥ አለ፤ የሩማቲክ ትኩሳቱ ተደጋግሞ ሲመለስባት በጥቂት ዓመት ውስጥ ከባድ ደረጃ የምትደርስ ወጣትም አለች። በእኛ አገር ብዙ የምናየው ሁለተኛውን ዓይነት ነው።

ሄሞግሎቢን 9.6 ማለት የደም ማነስ አለ ማለት ነው፤ ለሴት ከ12 በታች እንደ ደም ማነስ ይቆጠራል። ደም ሲያንስ ልብ ቶሎ ቶሎ ትመታለች። ቶሎ ስትመታ በሁለት ምት መካከል ቫልቩ ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ ያጥራል፤ በጠበበ ቀዳዳ ለማለፍ ጊዜ ያጣው ደም ወደ ሳንባ ይታቆራል። ቫልቩ አንዲት ሚሊ ሜትር ሳይጠብ ትንፋሿ ሊያጥር፣ ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒውም ሊጨምር ይችላል። ትኩሳትም እንዲሁ ያደርጋል። ወባ ደሙንም አውድሞ፣ ትኩሳቱንም ጨምሮ በሁለት በኩል ይጫናል። በጣና ዳር የመንጠቆ ትልና ቢልሃርዚያም አሉ፤ የመጀመሪያው ደም ያሳጣል፤ ሁለተኛው ከቆየ አልፎ አልፎ የሳንባ ደም ሥር ግፊትን በራሱ ይጨምራል። የሰገራ ምርመራ ርካሽ ነውና ይሠራላት። የወር አበባዋ ይበዛ እንደሆነም ትጠየቅ። የብረት እጥረት ከሆነ ብረት ትጀምር፤ ከሻይና ከቡና ጋር ግን አትውሰደው፤ እንዳይመጥ ያደርጉታል፤ የዘጌ ቡና ቢሆንም።

ሲአርፒ 38 እና ኤኤስኦ 400 አብረው ሲታዩ ብዙ ሰው «ሩማቲኩ ተነሥቷል» ብሎ ይደነግጣል። ሲአርፒ ጉበት በማንኛውም ብግነት ጊዜ የሚያወጣው ፕሮቲን ነው፤ ከሩማቲክ ትኩሳት መስፈርቶች ውስጥ ከ30 ሚሊግራም በሊትር ጀምሮ ይቆጠራል። ወባ ግን ከዚያ እጅግ በላይ ሊያወጣው ይችላል፤ ከታከመች በሳምንቷ 38 ቢገኝ እየወረደ ያለ ቁጥር ሊሆን ይችላል። አንድ ወረቀት አይበቃም። ትኩሳቱ ከጠፋ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት በኋላ ይደገም። ከ10 በታች ከወረደ ወባው ነበር ማለት ነው። ከ30 በላይ ከቆየ፣ በተለይም ጉልበት፣ ቁርጭምጭሚት፣ ክርን እየተዘዋወረ የሚያምማት ከሆነ ወይም ትኩሳት ካለ ያኔ የሩማቲክ ትኩሳት መመለስ በቁም ነገር ይጠረጠራል። ኢኤስአር የሚባለው ሌላው የብግነት ምርመራ በእህትዎ ሁኔታ ብዙ አይረዳም፤ ደም ማነስ ብቻውን ከፍ ያደርገዋል።

ኤኤስኦ ደግሞ ከሁሉ በላይ በስሕተት የሚነበብ ምርመራ ነው። የሚለካው ሰውነት ስትሬፕቶኮከስ ለሚባለው የጉሮሮ ባክቴሪያ ያዘጋጀውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ከቶንሲሉ በኋላ ከሦስት እስከ አምስት ሳምንት ባለው ጊዜ ጣሪያ ይነካል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ለወራት ይወርዳል። «በቅርብ ወራት ጉሮሮዋ ባክቴሪያውን አግኝቷል» ከማለት በቀር ስለ ልቧ ምንም አይናገርም፤ የቫልቭ ሕመም መጠንን አይለካም፣ መባባስን አይተነብይም። በእኛ ላብራቶሪዎች በብዛት የሚሠራው በጠብታ የሚታይ የላቴክስ ምርመራ ነው፤ ውጤቱ 200፣ 400፣ 800 እያለ በእርከን ይሄዳል። አንድ እርከን ልዩነት ብቻውን የአነባበብ ልዩነት ሊሆን ይችላል። መገጣጠሚያዬን አመመኝ ያለ ሰው ሁሉ ኤኤስኦው ከፍ አለ ተብሎ ልቡ ሳይታይ ለዓመታት የወር መርፌ ሲወጋ ይታያል፤ ትክክል አይደለም። በእህትዎ በኩል ኤኤስኦ 400 የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ መርፌው በሰዓቱ እየተሰጣት ከሆነ ባክቴሪያው እንዴት ገባ?

የቫልቩን አካሄድ በእጃችን የምንለውጠውም በዚህ መርፌ ስለሆነ እዚህ ላይ እቆያለሁ።

ቤንዛቲን ፔኒሲሊን 1.2 ሚሊዮን ዩኒት፣ ጥልቅ ጡንቻ ውስጥ፣ በየ28 ቀኑ። ስጋቱ ከፍ ላለባቸው ሐኪሙ በየ21 ቀኑ ያደርገዋል። ስሙ «የወር መርፌ» ሆነና ብዙ ቤተሰብ በወር በዓል ይይዘዋል፤ «በሚካኤል ነው የምትወጋው» ይባላል። ከሚካኤል እስከ ሚካኤል 30 ቀን ነው፤ ሁለት ቀን አለፈ። ከነሐሴ 12 እስከ መስከረም 12 ግን ጳጉሜን ስለምትገባ 35 ቀን ነው፤ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ደግሞ 36። በደም ውስጥ ያለው ፔኒሲሊን በአራተኛው ሳምንት ላይ ቀድሞውኑ ሳስቷል፤ ከዚያ በላይ ያለው ሳምንት ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ያውም ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ቤተሰብ በአንድ ክፍል ተጠጋግቶ በሚያድርበት፣ ጉንፋንና ቶንሲል በሚበዛበት ጊዜ። መፍትሔው በቀን ስም መያዝ ነው፤ ሐሙስ የተወጋች ሁልጊዜ በየአራተኛው ሐሙስ ትወጋለች። እንዲህ ሲሆን በዓመት 13 መርፌ ይወጣል። ካርዷ ላይ ይቁጠሩት፤ 12 ካገኙ ወይም ከዚያ ካነሰ የኤኤስኦው መልስ እዚያው ካርዱ ላይ ነው።

መድኃኒቱ ሲጠፋ ዝም ብሎ መጠበቅ አይገባም። በሐኪም ትእዛዝ ፔኒሲሊን ቪ 250 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ በአፍ እየተወሰደ ይቆያል፤ እንደ መርፌው አስተማማኝ ባይሆንም ከባዶ ይሻላል። ጸበል ከገባችም መርፌውን በአቅራቢያው ጤና ጣቢያ ትወሰድ፤ ሁለቱ አይጣሉም። በሕመሙ ፈርታ የምትቀር ከሆነ ዱቄቱ በሊዶኬይን ይበጥበጥላት፣ ጠርሙሱ በእጅ ውስጥ ይሙቅ፣ ከሁለት እስከ ሦስት ደቂቃ ወስደው ቀስ ብለው ይውጉ። በልታ፣ ውኃ ጠጥታ፣ ተኝታ ትወጋ፤ ተጾሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት በባዶ ሆድ ቆሞ መወጋት ራስ ያዞራል። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 እንዳሳሰበው ቫልቫቸው በጣም የጠበበ፣ ትንፋሻቸው በትንሽ እንቅስቃሴ የሚያጥር ወይም የልብ ጡንቻቸው የደከመ ሰዎች ከመርፌው በኋላ ለሚመጣው ድንገተኛ የልብ ምትና የደም ግፊት መውረድ የተጋለጡ ናቸው፤ ለእነሱ በአፍ የሚወሰደው ሊመረጥ ይችላል። እህትዎ አሁን ከዚያ ደረጃ ላይ ባትሆንም ቀጣዩ ኢኮ 1.5ና ከዚያ በታች ካሳየ ይህን ጥያቄ ለሐኪሟ አንሡ።

መርፌው ይሠራል ወይ ለሚል፦ በሰሜን ኡጋንዳ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት ኢኮ ላይ ብቻ የሚታይ ገና የጀመረ የሩማቲክ ቫልቭ ለውጥ ያለባቸውን 818 ልጆች አካቶ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ከተወጉት የባሰባቸው 0.8 በመቶ ሲሆኑ ካልተወጉት 8.2 በመቶ ናቸው። የእህትዎ ሕመም ከዚያ አልፏል፤ የተፈጠረውን ጠባሳ መርፌው አይመልሰውም። አዲስ ጠባሳ እንዳይጨመርበት ግን እስካሁን ከእርሱ የተሻለ ነገር የለም። የቤቱ ትንንሾች ጉሮሯቸውን ሲያማቸው ጤና ጣቢያ ይታከሙ፤ እንጥል ማስቆረጥ ባክቴሪያውን አያወጣውም፣ ሌላ ቁስል ይጨምራል እንጂ።

የደም ምርመራው ሲደገም እንዲህ ይሁን። ወባው ከታከመ ከስድስት ሳምንት ያላነሰ ይቆይ፤ ደም ማነሱም በዚያ ጊዜ መታረም ይጀምራል። የዘንድሮው ወደ ተሠራበት ላብራቶሪ ይመለሱ፤ ስሙ በትክክል «ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ» ተብሎ ይታዘዝ። መለኪያውንም ይዩ፤ አንዳንድ መሣሪያ በፒኮሞል በሊትር ያወጣል፣ ያንን ወደ ፒኮግራም ለመቀየር በ8.457 ይባዛል። መጾም አያስፈልግም። ከጀልባ ወርዳ፣ ዳገት ወጥታ እንደደረሰች አትቀዳ፤ ሩብ ሰዓት ተቀምጣ ትረፍ። ደሙ ከዘጌ ጤና ጣቢያ ተቀድቶ ወደ ከተማ የሚላክ ከሆነ ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ ለሁለትና ለሦስት ቀን ሳይበላሽ ይቆያል። ቢኤንፒ ግን ሐምራዊ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ቱቦ ተቀድቶ በአራት ሰዓት ውስጥ መሠራት አለበት፤ ከዘገየ እየተበላሸ ቁጥሩ በሐሰት ይወርዳል። በዚያው ቀን ክሬያቲኒን ይሠራ፤ ኩላሊት ሲደክም ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ ይጠራቀማል። ሄሞግሎቢኑም ይደገም። ወጣት ሴቶች ለፀጉርና ለጥፍር የሚወስዱት ባዮቲን ያለበት ቫይታሚን ካለ ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በፊት ይቁም፤ በአንዳንድ መሣሪያዎች ላይ ውጤቱን ዝቅ አድርጎ ያሳያል። ይህን የሚጠይቅ ሰው እምብዛም የለም።

ውጤቱን ለማንበብ 30 በመቶን ይያዙ። ያለ ምንም ለውጥ እንኳ የአንድ ሰው ቁጥር ከቀን ቀን በዚያ መጠን ሊዋዥቅ ይችላል። ከ655 ተነሥቶ ወደ 300ና 350 ከወረደ ጭማሪው የወባውና የደም ማነሱ ነበር፤ ቀጠሮው ባለበት ይቆይ። ከ450 እስከ 850 ባለው ውስጥ ከሆነ ይህ የእሷ መነሻ ቁጥር ነው፤ ካርዷ ላይ ይጻፍና በየስድስት ወሩ ከእርሱ ጋር ይወዳደር። ደም ማነሱ እየተስተካከለ፣ ትኩሳት በሌለበት፣ ከ850 ካለፈ አምስት ወር አይጠበቅም። ወረቀቱን ይዘው ከባሕር ዳር ሆስፒታሎች ፈለገ ሕይወትም ሆነ ጥበበ ግዮን፣ ክትትሏ ወዳለበት ሄደው ኢኮው እንዲቀድም ይጠይቁ።

ድንገት ወደ ሺዎች ከዘለለ መጀመሪያ የልብ ምቷን ይመልከቱ። ግራ ላይኛው ክፍል ተወጥሮ ተወጥሮ ምቱ ሲዛባ ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ ይፈናጠራል። ሁለት ጣት አንጓዋ ላይ አድርገው አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቁጠሩ። አንዴ ፈጥኖ አንዴ ዘግይቶ፣ ሥርዓት አጥቶ የሚመታ ከሆነ በዚያው ሳምንት ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) ትነሣ። ደም ረግቶ ወደ አንጎል የሚሄደው በዚህ ጊዜ ነው። ደም ማቅጠኛ የሚያስፈልግ ከሆነ ለሩማቲክ ማይትራል ጥበት ዋርፋሪን ነው የሚመረጠው፤ ከ4,500 በላይ ሕሙማን የተካተቱበትና እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ትልቅ ጥናት ዋርፋሪንን የመሰሉት ከአዲሱ ሪቫሮክሳባን ይልቅ ሞትን እንደቀነሱ አሳይቷል። ደሙ ምን ያህል እንደቀጠነ የሚለካው አይኤንአር ከ2 እስከ 3 ይያዛል። በዐቢይ ጾም ጎመን በድንገት ሲበዛ አይኤንአሩ ይወርዳል፤ ጎመን አይከልከል፣ መጠኑ ግን ከሳምንት ሳምንት አይለዋወጥ።

ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን የማይጠበቁ ምልክቶች አሉ፦ ሌሊት ትንፋሽ አጥሯት መነሣት፣ ትራስ መደራረብ፣ ደም የቀላቀለ አክታ፣ የእግር እብጠት፣ የአንድ ጎን መዛል ወይም የአፍ መጣመም። ከሳምንት በላይ የቆየ ትኩሳት ካለም ወባ ነው ተብሎ አይታለፍ፤ ቫልቩ ላይ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ፀረ ተሕዋስያን ከመጀመሩ በፊት ደም ለካልቸር (ባክቴሪያውን አብቅሎ ለማየት) ይወሰድ። «ደህና ነኝ» ትላለች ብለውም አይመኑ። የቫልቭ ሕሙማን ቀስ በቀስ ሥራቸውን ስለሚቀንሱ ምልክቱ አይታወቃቸውም። አምና ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ሳታርፍ ታመጣ የነበረች ዘንድሮ ስንት ጊዜ ታርፋለች? ጀሪካኑን ለትንሹ ወንድሟ የተወችው ለምንድን ነው? ይህ መልስ ከማንኛውም የላብራቶሪ ቁጥር ያልተናነሰ ነው።

ስለ አዲሶቹ ምርመራዎች የሚወራው ከሁለት ነገር የመጣ ነው። አንደኛው ጋሌክቲን-3፣ ኤስቲ-2፣ ቲጂኤፍ-ቤታ፣ የኮላጅን ቁራጮች፣ ማይክሮ አርኤንኤ የሚባሉ የብግነትና የጠባሳ ምልክቶች ናቸው። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ጠባሳ ሲሠራ ከሚንጠባጠበው ነገር ተነሥቶ ማን እንደሚብስበት ማወቅ። ጥናቶቹ ግን በአብዛኛው ትንንሽ ናቸው፤ ብዙዎቹም ሕሙማንን ከጤነኞች ጋር አንድ ጊዜ አወዳድረው ያበቃሉ። ዛሬ ከፍ ያለበት ሰው ከአምስት ዓመት በኋላ ቫልቩ ይጠብ አይጠብ ለመናገር ዓመታት መከተል ይጠይቃል። በመመሪያ ውስጥ ገብቶ ለሩማቲክ ቫልቭ የሚታዘዝ አንድም የለም፤ በገንዘብዎ ለማሠራት አይሞክሩ። ሁለተኛው ሊፖፕሮቲን-ኤ ነው። ይህ ከዘር የሚወረስ የስብ ዓይነት በአረጋውያን ላይ ካልሲየም ተጠራቅሞበት ከሚጠበው የአኦርቲክ ቫልቭ ጋር በእርግጥ ይያያዛል። የእህትዎ ሕመም ግን ሌላ ነው። እዚያም ቢሆን ኮሌስትሮልን የሚያወርዱት ስታቲኖች የቫልቩን መጥበብ አላዘገዩም፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ሲምቫስታቲን ከኢዜቲሚብ ጋር የተሞከረበት ጥናት ይህንኑ አሳይቷል።

ለኢኮው ቀን ሐኪሙ ወረቀት ላይ እንዲኖሩ የምትጠይቋቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው፤ የቫልቩ ስፋት በቀጥታ ተከቦ ሲለካ፣ በቫልቩ ሁለት ጎን ያለው አማካይ የግፊት ልዩነት ከዚያ ደቂቃ የልብ ምት ጋር፣ የሳንባ ደም ሥር ግፊት፣ የግራ ላይኛው ክፍል ስፋት፣ ደም ወደ ኋላ መመለስ መኖሩና መጠኑ። የልብ ምቱ ያልተጻፈበት የግፊት ልዩነት ከአምናው ጋር ሊወዳደር አይችልም፤ ምቷ 70 ሲሆን 5 የነበረው ልዩነት ምቷ 100 ሲሆን 10 ቢሆን ቫልቩ ላይለወጥ ይችላል። ስፋቱ 1.5ና ከዚያ በታች ሆኖ ትንፋሿ የሚያጥር ከሆነ ቀጣዩ ጥያቄ በባሉን ማስፋት ይቻላል ወይ የሚለው ነው። ለዚህ ቫልቩ ምን ያህል እንደወፈረ፣ እንደደደረና ካልሲየም እንደያዘ በነጥብ ይሰጣል፤ ከጠቅላላው 16 ነጥብ ውስጥ 8ና ከዚያ በታች ያገኘ ቫልቭ ለባሉን ይመቻል። ነጥቡ ከተጻፈላት ሪፈር የሚቀበለው ሐኪም ከሩቅም ቢሆን ሊወስን ይችላል።

ለማግባት ወይም ለመውለድ ካሰበች ደግሞ ኢኮው ከእርግዝና በፊት ይሁን። በእርግዝና የደሙ ፈሳሽ ክፍል ከ40 እስከ 50 በመቶ ይጨምራል፤ ከዚህ በፊት ምንም ያልተሰማት ሴት በአምስተኛውና በስድስተኛው ወር ላይ ሳንባዋ ውኃ ሊቋጥር ይችላል። እስከዚያ ለመከላከያ ኢስትሮጅን ያለበት ኪኒን ደም የማርጋት ባሕርይ ስላለው አይመረጥም፤ በክንድ የሚቀበረው ወይም የሦስት ወሩ መርፌ ይሻላታል። የሦስት ወሩን መርፌ ከየ28 ቀኑ ፔኒሲሊን ጋር በአንድ ካርድ ላይ አብራችሁ አትጻፉት፤ ቀኖቹ ስለማይገጥሙ አንዱ ሌላውን ያስረሳል።